የሆሎግራም ፕሌቱ ጠቁሮ ምስል ካልያዘ

«ላሜራ ክብደት ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚጎብጥ በሆሎግራም ልለካ ስል ፕሌቱ ጠቆረ፣ ምስል ግን የለውም» ላልከው፦ ፕሌቱ (በሌዘር የሚሠራው ጥልቀት ያለው ምስል፣ ማለትም ሆሎግራሙ፣ የሚቀረጽበት መስታወት) ደህና ነው፣ የሚነቃነቀው ጠረጴዛህ ነው። የሂሊየም ኒዮን ሌዘር የሞገድ ርዝመት 633 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ነው፤ በቀረጻው ሰዓት ዕቃህ የዚያን ሩብ ያህል እንኳ ከተንቀጠቀጠ ምስል አይኖርም። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ያውም መኪና መሬቱን በሚያናውጥበት የደሴ መንገድ ዳር ሆነህ፣ በቀን አትድከም።

ከባድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በግማሽ በተነፋ የመኪና ከመነዳሪ ላይ አስቀምጥና ዕቃህን ሁሉ እሱ ላይ ደርድር። ሌዘሩ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ጨረር ላሜራው ላይ አርፎ፣ ሌላው በቀጥታ ፕሌቱ ላይ ይደርሳል። የሁለቱን ጨረሮች መንገድ በክር ለክተህ እኩል አድርግ። ከዚያ አንዴ ያለ ክብደት፣ አንዴ ከነክብደቱ፣ ፕሌቱን ሳትነካ ቅረጽ። ሁለቱ ቀረጻዎች ሲደራረቡ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ፤ ፊት ለፊት ካበራህና ካየህ ከአንዱ ጥቁር መስመር እስከ ቀጣዩ ወደ 316 ናኖሜትር መጉበጥ ነው።

አንድ ነገር፦ እኔ ብርዱ ሲጠናብኝ ከሰል አቀጣጥዬ አጠገቤ ባስቀምጥ አራት ፕሌት ከሰርኩ። ሙቅ አየር ጨረሩን ያወዛውዘዋል። ጋቢህን ደርብ።