ሞኒተሩን ከመጣልዎ በፊት

ከደሴ አንዲት እህት ጽፈውልኛል። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። የድሮው ኮምፒውተራቸው ሲበላሽ አዲስ፣ ትንሽዬ ዴስክቶፕ ገዙ። ሞኒተሩ ደህና ስለነበር አልቀየሩትም፤ ባለ 17 ኢንች፣ ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋው የድሮው ዓይነት ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ጀርባ ላይ ግን የለመዱት ሰማያዊ የምስል ሶኬት፣ ቪጂኤ የሚባለው፣ የለም። ሻጩ በአንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ (የአዳዲስ ኮምፒውተርና ቲቪ የምስል ሶኬት)፣ በሌላው ቪጂኤ የሆነ ቀጭን ገመድ ሰጣቸው። ሲሰኩት «ኖ ሲግናል» ይላል፣ ከዚያ ይጨልማል፣ የማብሪያዋ መብራት ብርቱካናማ ሆና ትቀራለች። የሰፈር ልጅ አይቶ «ሞኒተሩ ሞቷል፣ አዲስ ይግዙ» አላቸው። «እውነት ሞቷል ወይ?» ነው ጥያቄያቸው።

እህቴ፣ አልሞተም።

በምን ታወቀ ይሉኝ ይሆናል። «ኖ ሲግናል» ብሎ የጻፈልዎት ማን ነው? ሞኒተሩ ራሱ ነው። ያቺ ትንሽ ጽሑፍ እንድትታይ ፓወሩ መሥራት አለበት፣ የጀርባ መብራቱ መብራት አለበት፣ ስክሪኑም ፊደል ማውጣት አለበት። ሦስቱም ሠርተውልዎታል። የጠፋው ከኮምፒውተሩ መምጣት የነበረበት ምስል ብቻ ነው። ብርቱካናማዋ መብራትም የምትለው ይህንኑ ነው፤ «ምስል እየጠበቅኩ ነው» ማለቷ ነው።

እኔ የምጠረጥረው ገመዱን ነው። ቪጂኤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ነው። ምስሉን የሚያስተላልፈው ከፍ ዝቅ በሚል ቮልቴጅ ነው፣ አናሎግ የሚባለው ይህ ነው፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለየብቻ ሽቦ አለው። ኤችዲኤምአይ ደግሞ ምስሉን በዜሮና በአንድ ይልካል፣ ይህ ዲጂታል ይባላል። ሁለቱን ሽቦ ብቻውን አያግባባቸውም። መሐል ላይ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር ቺፕ የግድ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ገመዶች ብዙዎቹ ቺፕ የላቸውም። ውስጣቸው ሽቦ ብቻ ነው። ሲሰኩት ልክ ይገባል፣ ሰው ይሠራል ብሎ ያምናል፣ ምስል ግን አይመጣም።

ይህን ያህል ያስረዘምኩት ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮቹን ቀይሮ ስድስት ሞኒተር «ተቃጥለዋል» ተብሎ መጣልኝ። ከመጋዘን ሊወገዱ ነበር። አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ፣ ቪጂኤ ካለው የራሴ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ሰካኋቸው። ስድስቱም ቦግ አሉ። ችግሩ አብረው የተገዙት ስድስት ገመዶች ነበሩ። የሚያሳዝነው ለአዲስ ሞኒተር የተመደበው ገንዘብ ልጆቹ የሚማሩበት ነገር ሊገዛበት ይችል ነበር።

«ድሮ እኮ ያለ ቺፕ ይሠራ ነበር» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ከግራፊክስ ካርድ (ምስል ከሚያወጣው ክፍል) ጋር ትመጣ የነበረችው ትንሿ ከዲቪአይ (ሌላ የምስል ሶኬት ዓይነት) ወደ ቪጂኤ ማገናኛ ቺፕ አልነበራትም። ትሠራ የነበረው ካርዱ ራሱ በዲቪአዩ ሶኬት በኩል አናሎግ ጭምር ያወጣ ስለነበር ነው። የኮምፒውተር ቺፕ አምራቾቹ ኢንቴልና ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2010 ቪጂኤን እስከ 2015 ድረስ ሊተዉት እንዳሰቡ አስታወቁ፣ ከዚያ ወዲህ የወጡት ማሽኖች አናሎጉን እያስቀሩት መጡ። ስለዚህ ያቺን አሮጌ ማገናኛ ከመሳቢያ አውጥተው አይድከሙ።

እንግዲህ የሚገዙት «ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ» ኮንቨርተር ነው። አቅጣጫውን ይጠንቀቁ። «ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ» የሚባልም አለ፤ እሱ አሮጌ ኮምፒውተርን ከአዲስ ቲቪ ጋር ለማገናኘት ነው፣ ለእርስዎ አይሆንም። ስሙን ሻጩም ያቀያይረዋል፣ ስለዚህ በዓይንዎ ይዩት። የእርስዎ ኮንቨርተር በኤችዲኤምአይ በኩል ወንዴ ነው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። በቪጂኤ በኩል ሴቴ ነው፣ አሥራ አምስት ቀዳዳዎች አሉት። የድሮው የሞኒተርዎ ገመድ እዚያ ላይ ይሰካል። ከሠራ በኋላ ከጥቂት ደቂቃ ላይ በእጅዎ ቢነኩት ለብ ይላል። ቺፑ እየሠራ ነው ማለት ነው፣ አይስጉ።

በጎኑ ትንሽ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ካገኙ እሱን ይምረጡ። የኤችዲኤምአይ ሶኬት ለቺፑ እንዲሰጥ የሚገደደው 55 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። አንዳንዱ ኮንቨርተር ይህ አይበቃውም፤ ምስሉ መጥቶ ይጠፋል፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም። ያኔ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ተጨማሪ ኃይል ይሰጡታል። ኮምፒውተርዎ ላይ ዲስፕሌይ ፖርት የሚባል ሌላ የምስል ሶኬት ካለ ደግሞ ከእሱ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ይሻላል። ዲስፕሌይ ፖርት በ3.3 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፒር ስለሚሰጥ የኃይል ችግር እምብዛም አያጋጥምም።

አንድ ነገር ግን ከመግዛትዎ በፊት ይመልከቱ። ሞኒተሩን አዙረው ከቪጂኤው ጎን ነጭ፣ ሰፋ ያለ የዲቪአይ ሶኬት መኖሩን ይዩ። ካለ ተገላገሉ። ዲቪአይና ኤችዲኤምአይ ሁለቱም ዲጂታል ናቸው፣ ተራ ገመድ ይበቃቸዋል። ምስሉም ከቪጂኤ የጠራ ነው። ገመዱን ሲቀይሩ በሞኒተሩ ላይ ያለውን የ«ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» ቁልፍ ተጭነው ወደ ዲቪአይ ማዞር እንዳይረሱ።

ኮምፒውተሩ ራሱ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ቤት ያለው ቲቪ ይበቃል። በተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ቲቪው ላይ ይሰኩት። ቲቪው ላይ ከታየ ኮምፒውተሩ ነፃ ነው። እዚያው ሳሉ አንድ ሥራ ይጨርሱ። ዊንዶውስ ውስጥ በዲስፕሌይ ሴቲንግ ገብተው ሬዞሉሽኑን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) 1280 በ1024፣ ሪፍሬሹን (ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበትን ጊዜ ብዛት) 60 ኸርዝ ያድርጉት። 1280 በ1024 ቲቪው ካልፈቀደልዎት 1024 በ768 ያድርጉት። የእርስዎ ዓይነት ሞኒተር ልኩ 1280 በ1024 ነው። ከአቅሙ በላይ ሲላክበት «አውት ኦፍ ሬንጅ» ወይም «ኢንፑት ኖት ሰፖርትድ» ይልና ይጨልማል። ይህም ሞት አይደለም፤ ሞኒተሩ የተላከለት በዛበት እንጂ።

ቲቪው ላይም ካልታየ ነገሩ ወደ ኮምፒውተሩ ይዞራል። በቅርቡ ከተሰባሰበ ትልቅ ኮምፒውተር ጋር ለሚታገሉ አንባቢዎች ይህችን ልጨምር። ጀርባው ላይ ኤችዲኤምአይ ሁለት ቦታ ካለ፣ ከላይ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ያለው የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ነው፣ ከታች አግድም የተኛው የግራፊክስ ካርዱ ነው። ካርድ ካለ ካርዱ ላይ ነው የሚሰካው። እንደ ኮር አይ5-12400ኤፍ ያለ መጨረሻው ላይ ኤፍ ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ ስለዚህ የማዘርቦርዱ ሶኬት ምንም ምስል አይሰጥም። ሌላው ራም፣ የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ነው። ኮምፒውተሩ በመንገድ ሲንገጫገጭ ከመጣ ራሙ ላላ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ከመብራት ነቅለው፣ አውጥተው፣ «ቀጭ» እስኪል መልሰው ይጫኑት።

ወደ እርስዎ ልመለስ። የድሮውን ሰማያዊ ገመድ ጫፍ ብርሃን ላይ ይዘው ይዩት። ፒኖቹ በሦስት ረድፍ አምስት አምስት ናቸው። ከመካከለኛው ረድፍ አንዷ፣ 9ኛዋ፣ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው የለችም፤ አይደንግጡ። የታጠፈች ካለች ግን በቀጭን ወረንጦ ቀስ ብለው ያቅኗት። በኃይል ከገፏት ትሰበራለች። 12ኛዋና 15ኛዋ ሞኒተሩ «እኔ ይህን ያህል ነኝ» ብሎ ለኮምፒውተሩ የሚናገርባቸው ናቸው። እነሱ ከታጠፉ ኮምፒውተሩ ሞኒተሩን አያውቀውም፣ ትክክለኛው ሬዞሉሽንም ከዝርዝሩ ይጠፋል።

ጭራሽ ምንም የማይጽፍ፣ ጥቁር ብቻ የሆነ ሞኒተር ላላችሁ ደግሞ አንድ ሙከራ አለ። ክፍሉን አጨልማችሁ የስልካችሁን ባትሪ በስክሪኑ ላይ በጎን አብሩት፣ ኮምፒውተሩም በርቶ ይቆይ። ጥላ የመሰለ ምስል፣ የመዳፊቷ ቀስት ሳይቀር፣ ደብዝዞ ከታያችሁ ስክሪኑ ይሠራል፤ የጠፋው የጀርባ መብራቱ ነው። ሁለት ሰከንድ በርቶ የሚጨልመውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር የሚጎዱት የፓወር ቦርዱ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) አናታቸው አብጦ ይገኛል። መለወጥ ይቻላል፣ ግን ቤት ውስጥ አትክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ወደ 310 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ለባለሙያ ስጡት።

እህቴ፣ ኮንቨርተሩን ገዝተው ምስሉ ሲመጣ ፊደሉ ትንሽ ቢደበዝዝብዎት ወይም ስክሪኑ ወደ ጎን ቢሸሽ፣ ዎርድ ላይ በጽሑፍ የሞላ ገጽ ይክፈቱና ስክሪኑን ሙሉ እንዲይዝ ያድርጉት። ከዚያ ሞኒተሩ ላይ «አውቶ» የምትለዋን ቁልፍ ይጫኑ። ባዶ ወይም ጥቁር ስክሪን ላይ ከጫኑት ሞኒተሩ ጠርዙን አያገኘውም። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይንቀጠቀጥና ፊደሎቹ ጥርት ብለው ይቆማሉ።