ስለ እንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች ያላችሁን ጠይቁኝ

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች ሥራው ምን ይመስል እንደነበር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ሰዓት ይሠሩ ነበር?

መልስ፦ 12 ሰዓት የተለመደ ነበር። ሥራ ሲበዛ 14ም ይደርሳል። ባለፋብሪካው ሪቻርድ አርክራይት በ1771 ክሮምፎርድ በምትባል የእንግሊዝ መንደር በውሃ ኃይል የሚሠራ መፍተያ አቆመ። ብዙም ሳይቆይ ሌት ተቀን በሁለት ፈረቃ መሥራት ጀመረ። ማሽኑ ውድ ነው፤ ቆሞ እንዲያድር ማን ይፈልጋል?

ጥያቄ፦ ሰዓቱን ማን ይቆጥረው ነበር?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ይኸው ነው። ሰዓቱ የባለቤቱ ነበር። አብዛኛው ሠራተኛ የራሱ ሰዓት የለውም። ጠዋት ወደፊት፣ ማታ ወደኋላ እየተገፋ ጊዜያቸው እንደሚሰረቅ ሠራተኞች ያማርሩ ነበር። ትንሽ ያረፈደ ደግሞ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። የ1844ቱ ሕግ የሥራ ሰዓት ሁሉም ሰው በሚያየው የሕዝብ ሰዓት እንዲለካ ያዘዘው ወዶ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሕፃናቱ ምን ይሠሩ ነበር? ወላጆቻቸውስ እንዴት ዝም አሉ?

መልስ፦ ገሚሶቹ የተበጠሰ ክር ይቀጥላሉ። ትንንሾቹ ከሚንቀሳቀሰው ማሽን ሥር ገብተው ብናኝ ጥጥ ይጠርጋሉ። ማሽኑ አይቆምላቸውም። ጣት ወይም እጅ ማጣት ያጋጥም ነበር።

ወላጆቹን ለመውቀስ አልቸኩልም። ብዙ ጊዜ ልጆቹን የሚቀጥረውና ከራሱ ገቢ የሚከፍላቸው ፈታዩ ነው። ስለዚህ የገዛ ልጁን ወይም የዘመዱን ልጅ ይዞ ይገባል። «ድሃ ቤት» በሚባለው የድሆች መጠለያ የነበሩ ወላጅ አልባ ልጆች ግን ዕጣቸው የከፋ ነበር። ከለንደን ሳይቀር እየተጫኑ መጥተው፣ ለምግብና ለመኝታ ብቻ ዓመታት ያገለግላሉ።

ጥያቄ፦ ሕግ አልነበረም እንዴ?

መልስ፦ ነበረ፤ አስፈጻሚ አልነበረውም እንጂ። የ1819ኙ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ጥጥ ፋብሪካ እንዳይቀጠር ከልክሎ ነበር። ማን ያጣራል? በ1833 አዲስ ሕግ ወጣ። ከ13 ዓመት በታች ያሉት በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ወሰነ፣ ተቆጣጣሪዎችም ሾመ። ስንት? ለአገሩ በሙሉ አራት! የእንግሊዝ መንግሥት ልደት መመዝገብ የጀመረው በ1837 ስለሆነ ዕድሜ የሚገመተው በቁመትና በጥርስ ነበር። የቸገረው ቤተሰብ ደግሞ ራሱ የልጁን ዕድሜ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ እኛ አገርስ ሕጉ ስንት ይላል?

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ገድቦታል። ከ15 ዓመት በታች መቅጠርም ክልክል ነው። ሰዓቱን ማን ይቆጥራል የሚለውን ግን ኦቨርታይም የሠራ ሰው ይመልስልኝ።

ጥያቄ፦ እኔ ሽመና ክፍል ሠርቻለሁ። ጫጫታው ጆሮ ይበጥሳል። እነሱ እንዴት ይነጋገሩ ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ የላንክሻየር (በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለ የጥጥ ፋብሪካዎች አካባቢ) ሸማኔዎች አፍ አንባቢዎች ነበሩ። ከንፈራቸውን አጋንነው እያንቀሳቀሱ፣ በምልክት እያገዙ ከክፍሉ ወዲያና ወዲህ ሐሜት ሳይቀር ያወሩ ነበር። ካቦውም ዋናው መነጋገሪያ ሳይሆን አይቀርም።

ጥያቄ፦ በሽታስ?

መልስ፦ ሳንባ ይቀድማል። የጥጥ ብናኝ ደረትን ያፍናል። ከእሑድ ዕረፍት በኋላ ሰኞ ላይ የሚብሰው ነገር ነው። ክር እንዳይበጠስ ተብሎ አየሩ ሞቃትና እርጥብ ይደረጋል፤ መስኮት የሚከፍት ይቀጣል። ሸማኔዎቹ ደግሞ ክሩን በመወርወሪያው ቀዳዳ በአፋቸው ስበው ያወጡ ነበር። አንዱ መወርወሪያ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ይሄ ልማድ በላንክሻየር በሕግ የተከለከለው በ1952 ነው።