ልጄ ክርስትና ሳትነሣ ክትባት ብትወስድ ነውር አለውን?

ጥያቄ፦ ሴት ልጅ ከወለድኩ አምስተኛ ሳምንቴ ነው። የጤና ጣቢያዋ ባለሙያ በ45 ቀኗ ለክትባት እንዳመጣት ቀጥራኛለች። እናቴ ግን «ክርስትና ሳትነሣ ከቤት አትወጣም፤ መርፌም አይነካትም» ይላሉ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ክትባት ሴቶችን መካን ያደርጋል የሚል ቪዲዮ በቴሌግራም ልኮልኝ፣ ከሥሩ «ባለ ጤናዎች ባለ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም» የሚለውን የጌታን ቃል ጽፎበታል። ሐኪሞቹን ባምን እምነት እንደ ማጉደል ይቆጠርብኛልን? ማንንስ ልስማ?

መልስ፦ እኅታችን፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ።

ሕፃን ሳይጠመቅ እንዳይከተብ የሚከለክል የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የለም። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ የምትጠመቀው በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደ ተጻፈው አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን መሠረት በማድረግ ነው፤ የእናቲቱም የመንጻት ወራት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ተነግሯል። ይህ ሥርዓት ሕፃኗ የምትጠመቅበትንና እናቷ ወደ ቤተ መቅደስ የምትገባበትን ቀን ይወስናል፤ ስለ ሕክምና ግን ምንም አይናገርም። እንዲያውም ሕፃን በጽኑ ታሞ ለሞት የሚያሰጋ ሲሆን 40ው ወይም 80ው ሳይሞላ እንዲጠመቅ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች።

እናትዎ አራስንና ጨቅላን ከብርድና ከሰው ብዛት መጠበቃቸው መልካም ልማድ ነውና አይንቀፏቸው። ነገር ግን ትክትክን የመሰለ በሽታ ይበልጥ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። በአገራችን መርሐ ግብር ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍንና ሌሎችንም በአንድ ላይ የሚከላከለው ክትባት በስድስተኛው፣ በዐሥረኛውና በዐሥራ አራተኛው ሳምንት ስለሚሰጥ፣ 80 ቀን ይሙላ ብሎ መቆየት ሁለቱን ቀጠሮ ማሳለፍ ይሆናል። ሥርዓቱን ለእናትዎ ቀስ ብለው ያስረዷቸው፤ ካልሆነም የንስሐ አባትዎ ቤት መጥተው እንዲነግሯቸው ያድርጉ፤ ከእርስዎ ይልቅ ከካህን አፍ ሲሰሙት ይቀላቸዋል።

የባለቤትዎ ወንድም የጠቀሰው ቃል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ይገኛል። ጌታ በማዕድ ተቀምጦ ሳለ ፈሪሳውያን «ከቀራጮችና ከኃጢአተኞች ጋር ስለ ምን ይበላል?» ብለው ደቀ መዛሙርቱን ቢጠይቁ የመለሰላቸው መልስ ነው። የሚናገረው ኃጢአተኞችን ወደ ንስሐ ስለ መጥራቱ ነውና ከማዕዱ ነጥሎ ክትባትን መከልከያ ማድረግ በቃሉ ላይ መድፈር ነው። ጉዳት ሳይደርስ ስለ መጠንቀቅ የሚናገረውን የፈለገ ሰው ኦሪት ዘዳግምን ምዕራፍ 22 ይመልከት፤ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ማንም ወድቆ ሳይሞት አስቀድሞ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ የታመመ ሰውም ጸልዮ ለሐኪሙ ደግሞ ስፍራ እንዲሰጠው ያስተምራል። ጸሎትንና ሕክምናን ጎን ለጎን ያስቀመጠው መጽሐፉ ራሱ ነውና ልጅዎን ማስከተብዎ እምነት ማጉደል አይሆንም።

ማንን ልስማ ላሉት፣ ሐኪምን የምንሰማው እንደ ፈጣሪ የማይሳሳት ሆኖ አይደለም። የሚሰማው ስለ ተማረና ለሠራው ሥራ ስለሚጠየቅ ነው። የምትከትባት ባለሙያ ቀኑን በካርዱ ላይ ትጽፋለች፤ ልጅዎን አንድ ነገር ቢሰማት ተመልሰው ያገኟታል። ያን ቪዲዮ የሠራውን ሰው ግን ልጅዎ በትክትክ ትንፋሽ ቢያጥራት የት ያገኙታል? ስለ መካንነቱም ቢሆን፣ በአገራችን መደበኛው የሕፃናት ክትባት ከተጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያን ጊዜ በሕፃንነታቸው የተከተቡት ሴቶች ዛሬ የልጆች እናቶች ናቸው። እንዲህ ያለው ወሬ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎችም አፍ ሊወጣ ይችላል። በ2014 እ.ኤ.አ. በኬንያ የካቶሊክ ጳጳሳት ለሴቶች የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መካን የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለበት ብለው ተናገሩ፤ የአገሪቱ መንግሥትና የዓለም ጤና ድርጅት ክትባቱ ደኅና መሆኑን ቢገልጹም ጥርጣሬው በብዙ እናቶች ልብ ገብቶ ነበር። ስለዚህ መምህር ነኝ የሚል ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ስለ ክትባቱ ይዘት ሲናገር ቢሰሙ «ከየት አገኙት?» ብለው ይጠይቁ።

በእርግጥ ጥያቄ ሲበዛባቸው ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ባለሙያዎች አሉ። ብዙ እናቶች ወደ ቴሌግራም የሚሄዱትም ክፍሉ ውስጥ መልስ ስላጡ ይመስለኛል። ቢሆንም መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ክትባቱ ከምን እንደሚከላከል፣ ትኩሳት ቢመጣ ምን እንደሚያደርጉ፣ ምን ምልክት ሲያዩ ሳይውሉ ሳያድሩ መመለስ እንዳለብዎ ሳይነግሩዎ አይነሡ። ስትወለድ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ተሰጥቷት እንደ ሆነም ይጠይቁ። እርሱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክንድ ላይ ትንሽ እብጠት ያወጣል፤ መግል ይዞም ጠባሳ ትቶ ይድናል። ይህን ያልተነገራት እናት ልጇ የተመረዘች መስሏት ቅጠል ትለጥፍበታለች፤ እርስዎ ግን ምንም አይቀቡበት።

የዐሥረኛው ሳምንት ቀጠሮ በ70 ቀኗ ግድም ስለሚውል ከጥምቀቷ ቀን ጋር አይጋጭም። በ80ኛው ቀን በማናቸውም ምክንያት ትኩሳት ቢይዛት ለካህኑ አስቀድመው ያሳውቁ፤ ቀኑን ጥቂት ማዘግየት ይቻላል።