የተዘጋ ቤት ልትከፍቱ ነው? ጠይቁኝ (ከድሬዳዋ፣ በኮሮና ወቅት የተጻፈ)

ሰላም የድሬ ልጆች። ኮሮና ዘግቶት የከረመ ካፌ፣ ፀጉር ቤት ወይም ሱቅ ልትከፍቱ የተነሳችሁ ብዙ ናችሁ። ሙያዬ የአካባቢ ጤና ነው፣ በድሮው አጠራር ሳኒታሪያን። የምችለውን እመልሳለሁ። ግን ስትጠይቁ የቤቱን ስፋት፣ የመስኮቱን ብዛትና ውሃችሁ ከየት እንደሚመጣ ጻፉ። «ምን ላድርግ?» ብቻ እያላችሁ አትጠይቁኝ።

ባለካፌዋ (ከዚራ)፦ ጋሼ፣ ቤቴ አራት ወር ተዘግቶ ነበር። መድኃኒት የሚረጩ ልጆች መጥተው ዋጋ ነገሩኝ። ላስረጭ?

መልስ፦ አታስረጪ። ቆሻሻ ላይ የተረጨ ክሎሪን ኃይሉን እዚያው ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። መጀመሪያ በሳሙና እጠቢ፣ ከዚያ በክሎሪን ወልውዪ። ሰው ላይ መርጨትማ ጭራሽ አይታሰብም፣ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ያልጠየቅሽኝ ነገር ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ! አራት ወር የቆመ ውሃ በድሬ ፀሐይ ሲሞቅ ከርሟል። ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ ቧንቧ ወይም ሻወር ሲከፈት በሚበተነው ደቃቅ ጠብታ ወደ ሳንባ ይገባና ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ስለዚህ ውሃውን በሙሉ ድፊው። የሮቶውን የውስጥ ግድግዳ በብሩሽ ፈትጊ፣ ምክንያቱም በ2011 ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ የሚባል በሽታ ድሬን ቤት ለቤት እንዴት እንዳስተኛ አንረሳም፤ የዚያች ትንኝ እንቁላል ደረቅ ግድግዳ ላይ ወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ከዚያ ሙዪው፣ ለ1000 ሊትር ሮቶ 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሪ፣ ቧንቧዎቹን የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ክፈቺና ዝጊ፣ አሳድሪው። ጠዋት ሁሉንም ድፊና በንጹህ ውሃ አጥበሽ ሙዪ። ያደረው ውሃ አይጠጣም። የቡና ማሽኑም ውስጡ ያለው የቆየ ውሃ ይውጣ።

ፀጉር ሠሪዋ (ሳቢያን)፦ ለመወልወያ የበረኪናው ልክ ስንት ነው?

መልስ፦ በ10 ሊትር ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር፣ ያው ባለ 5 በመቶውን። 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ምግብ የሚነካው ቦታ በውሃ ይታጠብ። በየቀኑ አዲስ በጥብጪ። በረኪና ሙቀትና ብርሃን ያደክመዋል፤ በር ላይ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመውን አትግዢ። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ደግሞ በፍጹም አይቀላቀልም፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ሱቅ አለኝ፦ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብብ።

የመጋላ ልጅ፦ አቦ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ የድሬ ሙቀት ራሱ ቫይረሱን ይገድለዋል።

የለገሀሯ፦ ባክህ! የእኛ ሰፈር ስንት ሰው ነው የታመመው? ሙቀቱ የት ሄዶ ነበር?

የመጋላ ልጅ፦ እነሱ ዕጣን አያጨሱም፣ ፌጦም አይወስዱም።

የለገሀሯ፦ እናቴ በየቀኑ ታጨስ ነበር። ታማለች።

መልስ፦ ተውት እዚህ ጋ። ፀሐዩ ያለው ደጅ ነው፣ ሰው የሚተላለፍበት ቤት ውስጥ ነው። ሙቀቱ እንዲያውም ይጎዳናል፤ ሞቀን ብለን በር ዘግተን ኤሲ እንከፍታለን። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ የዚያኑ ክፍል አየር እያቀዘቀዘ መልሶ ነው የሚያዞረው፣ ከውጭ አየር አያስገባም። አንዱ የተነፈሰውን ሁሉም ይተነፍሰዋል። ፊት ለፊት ያሉ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ቬንትሌተሩን መስኮት ጋ አቁማችሁ ወደ ውጭ እንዲነፍስ አድርጉት። ከዚራ ያላችሁ ደግሞ ዛፍ አላችሁ፤ ጠረጴዛውን ጥላው ሥር አውጡት። ከማንኛውም ኬሚካል ይሄ ይበልጣል።

ባለበርጫ ቤት (ጫት ማስቃሚያ)፦ እኛስ? አንዷ ክፍል አሥር ሰው ትይዛለች፣ መስኮት የላትም።

መልስ፦ አትክፈት። አሥር ሰው ከሰዓቱን ሙሉ ተጠጋግቶ እያወራ፣ ኩባያ እየተዋዋሰ፣ መስኮት በሌለበት? ግቢ ካለህ ዳስ ጣልና እዚያ አድርገው፣ ለየሰዉ የራሱ ውሃ ይቅረብ።

ባለ ምግብ ቤት (ታይዋን ገበያ አካባቢ)፦ ስድስት ሠራተኛ አለኝ። በር ላይ ሙቀት መለኪያ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ትኩሳት የሌለውም ያስተላልፋል። ዋናው የታመመ ሠራተኛ ቤቱ እንዲቀር ነው። ደመወዜ ይቆረጣል ብሎ የሚፈራ ሰው እያሳለ ይመጣል፣ ሳሉንም ይደብቅሃል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ወር የሕመም ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሹን ይሰጠዋል። ይሄን ስድስቱንም ሰብስበህ ከመክፈትህ በፊት ንገራቸው። ማን የማንን ሥራ እንደሚሸፍንም አሁኑኑ ወስን፤ ወጥ ሠሪዋ ብትታመም ማን ይገባል? መልስ ከሌለህ «ትንሽ ነው ያመማት» ብለህ ታስገባታለህ።

ተከራይ፦ የተዘጋሁበትን ወራት ኪራይ ልክፈል ወይስ?

መልስ፦ እሱን ውልህን ይዘህ ጠበቃ ጠይቅ።

ባለቡቲክ (አሸዋ)፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው፣ ሱቄን መድኃኒት ላስረጭ?

መልስ፦ ምክንያቱን ደግሜ አልጽፈውም፣ አታስረጪ። ሮቶ አለሽ?

ባለቡቲክ፦ ሮቶ የለኝም፣ ከጓሮ አንድ በርሜል አለ። ክዳኑ ጠፍቷል።

መልስ፦ ዛሬ ማታ ድፊው፣ ውስጡን ፈትጊው፣ ክዳን እስክታገኚ ገልብጠሽ አስቀምጪው። ልብሱ ይደርሳል።