ፕሮግራሜን ስሸጥ ሶርስ ኮዱንም መስጠት አለብኝ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከደሴ፣ ከወልዲያ፣ ከኮምቦልቻና ከላሊበላ የመጡ ናቸው። ዞሮ ዞሮ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ነጻ ሶፍትዌር (ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራመሩ የጻፈው የሚነበበው ጽሑፍ፣ ክፍት የሆነ) ተጠቅሜ የሠራሁት ፕሮግራም ላይ የማን መብት የት ድረስ ይሄዳል? ወሎ ውስጥ ኮድ ጽፎ እየሸጠ የሚኖር ወጣት እየበዛ መሆኑ በጣም ደስ ይለኛል። ስለዚህ ገጹን ሙሉ ለእነሱ ለቅቄዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በትርፍ ሰዓቴ ለመድኃኒት ቤቶች የስቶክ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠራሁ፤ መድኃኒት ኤክስፓየር ሊያደርግ ሲል ቀድሞ ያስታውሳል። የጻፍኩት በፓይተን ነው፣ መስኮቶቹን ደግሞ በፓይኪውቲ (መስኮት መሥሪያ ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ ላይብረሪ)። ለሁለት መድኃኒት ቤቶች ሸጥኩት፣ ሌሎችም እየጠየቁኝ ነው። አንድ ጓደኛዬ ግን «ፓይኪውቲ ጂፒኤል ስለሆነ ፕሮግራምህን በነጻ ለዓለም መልቀቅ አለብህ፣ ያለዚያ ትከሰሳለህ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እውነት ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ጓደኛህ ግማሹን አግኝቶታል፣ ግማሹን ስቶታል።

ያገኘው ይሄ ነው። ፓይኪውቲ በሁለት መንገድ ይገኛል፤ ወይ በጂፒኤል 3 (ጂፒኤል የታወቀ የነጻ ሶፍትዌር ላይሰንስ፣ ማለትም የአጠቃቀም ፈቃድ ነው፤ 3 ስሪቱ ነው)፣ ወይ ከአምራቹ በሚገዛ የንግድ ላይሰንስ። የንግዱን ካልገዛህ የተጠቀምከው በጂፒኤሉ ነው ማለት ነው። ጂፒኤል ደግሞ ኮፒሌፍት ነው። ሥራዬን ውሰድ፣ አሻሽለው፣ ሽጠው ይልሃል፤ ግን ከእኔ ጋር አዋህደህ የሠራኸውን ለሰው ስትሰጥ አንተም በዚሁ ፈቃድ ስጥ። የአንተ ፕሮግራም ፓይኪውቲን ኢምፖርት ያደርጋል፣ ክላሶቹን ይወርሳል፣ አንድ ሜሞሪ ውስጥ አብሮት ይሮጣል። ላይሰንሱን የጻፈው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን እንዲህ ያለውን እንደ አንድ ሥራ ነው የሚቆጥረው። በዚህ የማይስማሙ የሕግ ባለሙያዎች አሉ፤ ግን በእንጀራህ ላይ ክርክሩን እንድትሞክረው አልመክርህም።

የሳተው ደግሞ «ለዓለም» የሚለውን ነው። ለዓለም መልቀቅ የሚባል ግዴታ የለም። ግዴታህ ቅጂ ለሰጠኸው ሰው ነው። ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዘህ ስትሄድ ሶርስ ኮዱን እዚያው ፍላሽ ላይ በሌላ ፎልደር ብታስቀምጥላቸው በቂ ነው፤ ኮምፓይል የምታደርግበትና የምትጭንበት ስክሪፕት ካለም እሱም ይጨመር። ሶርሱን አሁን መስጠት ካልቻልክ፣ ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና፣ ሲጠይቁ ትሰጣለህ የሚል የጽሑፍ ቃል ትሰጣቸዋለህ። ድጋፍ መስጠትህን ከቀጠልክ ቃሉም ከ3 ዓመት በላይ እስከዚያው ይጸናል። ከድሮዎቹ ሁለት ደንበኞች ጋር አሁኑኑ እንዲህ አስተካክል። መሸጥ ደግሞ አልተከለከለም። ዋጋውን የምትቆርጠው አንተ ነህ።

የማትችለው ነገር አለ። ብዙ ልጆች ደንበኛ የሚያስፈርሙበት ወረቀት ላይ «ፕሮግራሙን ኮፒ ማድረግም ሆነ ለሦስተኛ ወገን መስጠት ክልክል ነው» የሚል መስመር ያስገባሉ። አንተም ካስገባህ ሰርዘው። ጂፒኤል ላይ ተጨማሪ ክልከላ መጫን አይቻልም። ባለመድኃኒት ቤቱ ሰኞ ገበያ ላለው ወንድሙ ኮፒ ቢያደርግለት መብቱ ነው። የመድኃኒት ዝርዝሩና የሽያጭ መዝገቡ ግን የባለቤቱ ዳታ ነው፤ ላይሰንሱ አይነካውም።

«ትከሰሳለህ» ያለህን በተመለከተ፣ በእኛም አገር የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ አለው። የሰው ኮድ አባዝተህ እንድትሸጥ የሚፈቅድልህ ያ ላይሰንስ ብቻ ነው። ግዴታውን ከጣስክ ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል። ይሁንና ጂፒኤል 3 ለመማር ዕድል ይሰጣል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሰሃል የተባለ ሰው በተነገረው በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ ፈቃዱ ይመለስለታል።

ኮዴ ዝግ ሆኖ ይቅርልኝ ካልክ ሌላ መንገድ አለ። ፓይሳይድ የሚባለውን ተጠቀም። የፓይኪውቲ መሠረት የሆነውን ኪውቲን የሚሠራው ኩባንያ ራሱ ያወጣው ነው፣ በኤልጂፒኤልም ይገኛል። ኤልጂፒኤል ላላ ያለ ነው፤ ላይብረሪውን ራሱን አሻሽለህ ከሰጠህ ማሻሻያው ክፍት ይሆናል፣ የራስህ ኮድ ግን የራስህ ነው። መቀየሩም የምትፈራውን ያህል አይከብድም። የኢምፖርት መስመሮቹን ትለውጣለህ፣ «ፓይኪውቲሲግናል» ያልከውን «ሲግናል»፣ «ፓይኪውቲስሎት» ያልከውን «ስሎት» ትለዋለህ፣ የቀረውን እያስነሳህ ታርማለህ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፦ ደንበኛው ላይብረሪውን በሌላ ስሪት መተካት መቻል አለበት። ስለዚህ በፓይኢንስታለር ስታሽገው ሁሉን በአንድ ፋይል ከመጠቅለል በፎልደር መልክ አውጣው፤ የኪውቲ ፋይሎች ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ከላይሰንሱ ጽሑፍ ጋር ፓይሳይድን መጠቀምህን የሚገልጽ ማስታወቂያም ይኑር። ፓይኢንስታለር ራሱ ጂፒኤል ነው፣ ግን ዝግ ፕሮግራም ማሸግን የሚፈቅድ ልዩ አንቀጽ አለው፣ እሱ አያስጨንቅህ።

እኔን ብትጠይቀኝ ክፍቱን አልተውም። ባለመድኃኒት ቤቱ የሚከፍልህ ለኮዱ ብቻ አይደለም። ደንበኛ ተሰልፎ ሳለ ኮምፒውተሩ ቀጥ ሲል ስልክ አንስተህ ስለምትደርስለት ነው። ኮዱን ያገኘ ሁሉ ይህን አይሠራለትም።

ጥያቄ፦ ወልዲያ አስተማሪ ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የውጤት መመዝገቢያ በጃንጎ (የድረ ገጽ ፕሮግራም መሥሪያ) እና በፖስትግሬስ (ዳታቤዝ) ሠራሁ፤ ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ነው የሚሠራው። የተማሪዎቹን ካርድ በአንድ ፒዲኤፍ ለማያያዝ ፖፕለርን በኮማንድ አስነሳለሁ። ሊኑክስም ፖፕለርም ጂፒኤል ናቸው። ሌላ ትምህርት ቤት ቢገዛኝ የእኔም ፕሮግራም ጂፒኤል ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም መምህር። ሊኑክስ ላይ መሮጥ ብቻውን ምንም አያስከትልብዎትም። የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ላይሰንስ ላይ የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ያስቀመጠው ማስታወሻ አለ፤ በተለመደው ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን ሥራ በሚጠይቅበት መንገድ) ከርነሉን የሚጠቀም ፕሮግራም ከከርነሉ የመነጨ ሥራ ተደርጎ አይቆጠርም ይላል። ጃንጎና ፖስትግሬስ ኮፒሌፍት አይደሉም፤ አብረው ከሰጧቸው የባለቤትነት ማስታወቂያቸውን አያጥፉባቸው። ፖፕለርን ለብቻው አስነስተው ፋይል ሰጥተው ፋይል ስለሚቀበሉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ተደርገው ነው የሚታዩት። ፖፕለርን ራሱን በፍላሽ አብረው ካስረከቡ ግን የእሱ ሶርስ ኮድ አብሮ መሄድ አለበት። የእርስዎ አይደለም፣ የእሱ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አይቲ ነኝ። ኢአርፒኔክስትን (የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ነጻ ሶፍትዌር) ወስደን ለራሳችን የምርትና የመጋዘን አሠራር እንዲስማማ ብዙ ቀየርነው። ኃላፊያችን «ለተፎካካሪ ልንሰጥ ነው እንዴ?» እያለ ሥራውን ሊያስቆመው ነው። ምን ልበለው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሥራውም አይቁም። ኢአርፒኔክስት ጂፒኤል 3 ነው፣ የጂፒኤል ግዴታ ደግሞ የሚመጣው ቅጂው ከቤት ሲወጣ ነው። እዚያው ፋብሪካ ውስጥ 1 ኮምፒውተር ላይ ጫናችሁት 50፣ ለማንም የምትሰጡት ነገር የለም። የውጭ ባለሙያ ቀጥራችሁ ለእናንተ ብቻ እንዲያሻሽል ኮዱን ብትሰጡትም ጂፒኤል 3 በግልጽ ይፈቅደዋል። የቀየራችሁትን ለሌላ ድርጅት አሳልፋችሁ የሰጣችሁ ቀን ግን ተቀባዩ ሶርሱን የማግኘት መብት አለው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ነገ የራስሽን ሥራ ልትጀምሪ ትችያለሽ። ሲስተሙን በራስሽ ሰርቨር አስቀምጠሽ ለደሴ ነጋዴዎች በብራውዘር ብታከራዪ፣ በጂፒኤል ይህ ቅጂ መስጠት አይደለም። ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው እ.ኤ.አ. በ2007 ኤጂፒኤል 3 የወጣው። በኤጂፒኤል የወጣን ፕሮግራም ቀይረሽ ሰዎች በኔትወርክ እንዲጠቀሙበት ካደረግሽ፣ ለእነዚያ ተጠቃሚዎች የቀየርሽውን ሶርስ የሚያገኙበትን መንገድ ማሳየት አለብሽ። ስለዚህ አንድን ፕሮግራም መሠረት ከማድረግሽ በፊት «ላይሰንስ» ወይም «ኮፒዪንግ» የሚለውን ፋይል ክፈችና አንብቢው። በአንድ ፊደል የሚለያዩ ናቸው፣ ልዩነታቸው ግን የሥራሽን አካሄድ በሙሉ ይቀይረዋል።

ጥያቄ፦ ላሊበላ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ልጁ ድረ ገጻችንን በወርድፕረስ ሠራልን፣ ሒሳቡንም ሙሉ ከፍለናል። አሁን ቡኪንግ ለመጨመር ሌላ ባለሙያ ብናመጣ፣ የቲሙ (የገጹን መልክ የሚሠራው ክፍል) ኮድ በሙሉ ተቆልፎ የማይነበብ ሆኖ አገኘነው። ልጁ «ኮዱ የእኔ ነው፣ ሰው ከነካው እከሳለሁ» ይላል። እኔ ኮድ አላውቅም። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ በጣም ያናድዳል። የእርስዎን አለማወቅ እንደ ቁልፍ ተጠቅሞበታል። ወርድፕረስ በጂፒኤል 2 ወይም ከዚያ በኋላ በወጣ ስሪት የሚለቀቅ ነው። ልጁ ራሱ ያንን ሁሉ ሥራ በነጻ አግኝቶ ነው እንጀራውን የሚበላበት። የወርድፕረስ ፕሮጀክት አቋም ደግሞ የቲም ፒኤችፒ ኮድ በወርድፕረስ ላይ የተመሠረተ ሥራ ስለሆነ በጂፒኤል ይሄዳል የሚል ነው፤ ሥዕሎቹና የመልክ ፋይሎቹ ሌላ ላይሰንስ ሊኖራቸው ይችላል። ጂፒኤል ሶርስ ኮድ የሚለው ሰው ሊያሻሽለው የሚመቸውን መልክ ነው። የተቆለፈ ጽሑፍ ያንን አያሟላም።

ኮፒሌፍት የተፈለገውም ለእርስዎ ዓይነት ሰው ነው፣ እጁ ላይ ያለውን ነገር ማሠራት ሲፈልግ ማንም እንዳይቆልፍበት። እ.ኤ.አ. በ2003 የሊንክሲስ ዋይፋይ ራውተር ውስጥ ሊኑክስ መኖሩ ሲታወቅ ግፊቱ በዝቶ ኩባንያው ኮዱን ለቀቀው። ከዚያ ኮድ ተነስቶ ነው ዛሬ በብዙ ዓይነት ራውተር ላይ የሚጫነው ኦፕንደብልዩአርቲ የተሠራው።

የእርስዎ ጉዳይ የሚወሰነው ግን ቅጂው በማን እጅ ነው በሚለው ነው። ሆስቲንጉ (የገጹ ፋይሎች የሚቀመጡበት የተከራየ ሰርቨር) በእርስዎ ስም ከሆነና ፋይሎቹን እዚያ ካስቀመጠልዎ፣ ቅጂ ሰጥቶዎታል፤ ሶርሱን በጽሑፍ ይጠይቁት፣ ሌላ ባለሙያም ይቀይርልዎ። ፋይሎቹ የራሱ ሰርቨር ላይ ሆነው እርስዎ ገጹን ብቻ የሚያዩ ከሆነ ግን ጂፒኤል ብዙም አይረዳዎትም፣ የሚያዋጣዎት ከእሱ ጋር የተፈራረሙት ውል ነው። ለጊዜው ክርክሩን ያቆዩትና የዶሜኑ ስምና የሆስቲንጉ አካውንት በማን ስም እንደተመዘገበ ያጣሩ። በእርስዎ ስም ከሆነ ዛሬውኑ ፓስወርዱን ይቀይሩና የፋይሎቹንና የዳታቤዙን ባክአፕ ያውርዱ።