ረቂቁ «አለፈ» የተባለው የት ላይ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ሲሆን ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። የበኩር ልጄ ከሦስት ዓመት በፊት ዲቪ ደርሶት ቴክሳስ ገብቷል፤ ዳላስ አቅራቢያ ባለ አንድ የነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥም በሌሊት ተራ ይሠራል። ሰሞኑን ሲደውል ሰው ሁሉ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ እንዲታጠቅ የሚያደርግ ሕግ ሊወጣ ነው፣ እንዲያውም አልፏል ብሎ የሥራ ባልደረባው እንደነገረው አጫወተኝ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ረቂቅ የት እንደደረሰ በምን ይታወቃል? ልጄ ዜግነት ሳይኖረው ለሕግ አውጪዎቹ ሐሳቡን ማቅረብ ይችላል? እኔስ ከዚህ ሆኜ ብጽፍላቸው ይሰሙኛል? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጭንቀትዎ ሁሉ መነሻ «አልፏል» የምትለዋ ቃል ስለሆነች ከእርሷ እንጀምር። በእኛ አገር በፌዴራል ደረጃ ሕግ የሚያወጣው አንድ ምክር ቤት በመሆኑ፣ አዋጁ ጸደቀ የሚል ዜና ከሰማን ነገሩ በአብዛኛው ያለቀለት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ግን አንድ ረቂቅ አለፈ የሚባልባቸው ደረጃዎች ብዙ ናቸው፤ ከኮሚቴ ሲወጣ አለፈ ይባላል፣ 150 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት ሲያጸድቀው አለፈ ይባላል፣ 31 አባላት ያሉት ሴኔት ሲቀበለውም እንዲሁ፤ ሁለቱ ያጸደቁት ጽሑፍ ከተለያየ ደግሞ ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ አስታራቂ ኮሚቴ ተቀምጦ አንድ ካደረገው በኋላ እንደገና አለፈ ይባላል። አገረ ገዥው ጋ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ባልደረባውን መጠየቅ የነበረበት «የትኛው ረቂቅ? ቁጥሩ ስንት ነው? ያለፈውስ ከየትኛው ደረጃ ነው?» ብሎ ነበር።

ከዚያም በፊት መጣራት ያለበት ምክር ቤቱ ጭራሹን ተሰብስቧል ወይ የሚለው ነው። የቴክሳስ ሕግ አውጪ አካል መደበኛ ጉባኤውን የሚያካሂደው በየሁለት ዓመቱ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት ሲሆን፣ ከጥር ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ጀምሮ ከ140 ቀናት በላይ አይቀመጥም። አገረ ገዥው እስከ 30 ቀን የሚቆይ ልዩ ጉባኤ ካልጠራ በቀር፣ በተቀረው ጊዜ የሚያልፍ ረቂቅ የለም።

በእኛ ግምት ባልደረባው ያወራው አዲስ ነገር ሳይሆን የቆየ ሕግ ሳይሆን አይቀርም። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላውና በሕግ ያልተከለከለ ሰው የመታጠቂያ ፈቃድ ሳያወጣ ሽጉጥ እንዲይዝ የፈቀደው ኤች ቢ 1927 የተባለው ረቂቅ ሕግ ሆኖ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2021፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በሌላ አነጋገር ልጅዎ ገና ቴክሳስ ሳይገባ ጀምሮ የነበረ ሕግ ነው። ይህ ለእናት ልብ ያጽናናል ወይስ ይበልጥ ያስጨንቃል የሚለውን እኛ መመለስ አንችልም፤ ነገር ግን ልጅዎ እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ሥር መሆኑን ማወቁ፣ ነገ ምን ይመጣ ይሆን ብሎ ከመጨነቅ ይሻላል ብለን እናምናለን።

የዚያ ረቂቅ ጉዞ ራሱ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በሚያዝያ 2021 ከተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ ብዙዎች ሴኔቱ ውስጥ ይቀራል ብለው ነበር፤ ሴኔቱ ግን ለጉዳዩ ልዩ ኮሚቴ አቋቁሞ ካዳመጠ በኋላ ግንቦት 5 ቀን በ18 ድጋፍና በ13 ተቃውሞ አጸደቀው። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ቀደም ሲል አንድ ረቂቅ በሴኔቱ መድረክ ለክርክር እንዲቀርብ የ19 አባላት ድጋፍ ያስፈልግ የነበረ ሲሆን፣ ቁጥሩ ወደ 18 የወረደው በዚያው ዓመት ጥር ወር ውስጥ ነበር። ስለ ሽጉጥ ብቻ ዜና ሲከታተል የነበረ ሰው ይህን የአሠራር ደንብ ለውጥ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ በር የተከፈተው ግን በእርሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ምክር ቤቶች ጽሑፍ በመለያየቱ አስታራቂ ኮሚቴ ተሰየመ፣ በግንቦት መጨረሻ ሁለቱም ተስማሙ፣ አገረ ገዥው ግሬግ አቦትም በሰኔ አጋማሽ ፈረሙበት።

አሁን ወደ መከታተያው መንገድ እንሂድ። ከተወካዮች ምክር ቤት የሚነሳ ረቂቅ ቁጥሩ ኤች ቢ፣ ከሴኔት የሚነሳው ደግሞ ኤስ ቢ በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። ቁጥሩ ከታወቀ፣ የምክር ቤቱ የራሱ ድረ ገጽ በነጻ የረቂቁን ሙሉ ጽሑፍ፣ የትኛው ኮሚቴ እንደያዘው፣ መቼ እንደሚደመጥና ማን ምን ድምጽ እንደሰጠ ያሳያል፤ ስልኩ ላይ የኢሜይል ማስታወቂያ እንዲመጣለትም መመዝገብ ይቻላል። ልጅዎ ከሁሉ አጥብቆ ማየት ያለበት የመጨረሻውን የእርምጃ መዝገብ ነው፤ ኮሚቴ ውስጥ ተመርቶ ለሳምንታት ዝም ያለ ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው የሚቀር ነውና። የኮሚቴው ሰብሳቢ መድረክ ካልጠራለት አይደመጥም፤ ከተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ከወጣ በኋላም ለክርክር የሚበቃውን ቀጠሮ የሚይዝ ሌላ ኮሚቴ አለ፣ እዚያም ብዙ ረቂቅ ተኝቶ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ረቂቅ ማንም በግልጽ ተቃውሞ አልጣለውም፣ ጊዜው ብቻ አለቀበት።

ልጅዎ ሐሳቡን ማቅረብ ይችላል ወይ ላሉት፣ ይችላል። ለተወካይ ለመጻፍ፣ ለመደወልና በኮሚቴ መድረክ ላይ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። የሚጠየቀው የሚኖርበትን አድራሻ ነው፤ ምክንያቱም የእንደራሴው ጽሕፈት ቤት ቀድሞ የሚያየው ጸሐፊው የእርሱ ወረዳ ነዋሪ መሆን አለመሆኑን ነው። አንድ የቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት አባል በ2020ው ቆጠራ መሠረት ወደ 194 ሺህ ሕዝብ የሚወክል ሲሆን፣ አንድ ሴናተር ደግሞ ወደ 940 ሺህ ይወክላል። ለሁሉም አባላት አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከመበተን ይልቅ ለራሱ ተወካይና ለራሱ ሴናተር፣ ረቂቁም በኮሚቴ እጅ ከሆነ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ብቻ መጻፍ ይበቃዋል።

ደብዳቤው ምን ይበል? የረቂቁ ቁጥር መጀመሪያ፣ አቋሙ ወዲያው ቀጥሎ፣ ከዚያ ማንም ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለውን አንድ ነገር። ልጅዎ ሌሊቱን በሙሉ ብቻውን ገንዘብ መቀበያ ላይ ቆሞ የሚያድር ሰው ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሽጉጥ ወገቡ ላይ የሚታይ ደንበኛ ሲገባ እርሱ ምን እንደሚሰማው፣ ወይም በተቃራኒው ራሱን ለመከላከል መታጠቅ የሚፈልግ ከሆነ ለምን እንደሚፈልግ፣ በአምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ከተባዛ ቅጽ ይልቅ ይነበባል። ይህ አምድ ለየትኛው ወገን ይቁም አይልም። ጊዜን በተመለከተ ግን አቋም አለን፤ የመጨረሻው ድምጽ ከመሰጠቱ በፊት ባለው ማታ መጻፍ ለራስ ልብ ማረፊያ እንጂ ለረቂቁ የሚፈይደው ጥቂት ነው፣ ጥሩው ጊዜ ረቂቁ ገና ኮሚቴ ውስጥ ሳለ ነው። ኦስቲን ድረስ ሄዶ መናገርም ይቻላል፤ መንገዱ ከዳላስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና አዲስ አበባ ጅማ ከመሄድ ብዙም አያንስም፣ እዚያ ደርሶ የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ለሌሊት ሠራተኛ አንመክረውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አደራ ይንገሩት። እንዲህ ባሉ ቦታዎች መራጮችን የሚመዘግቡ በጎ ፈቃደኞች ቅጽ ይዘው ሊቀርቡት ይችላሉ። ዜጋ ሳይሆን ዜጋ ነኝ የሚል ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ ከአገር እስከ መባረር የሚያደርስ ጥፋት ነው፤ ፈገግ ብሎ አመስግኖ ማለፍ ይበቃል።

የእርስዎን ደብዳቤ በተመለከተ በግልጽ እንናገር። ከለገጣፎ ቢጽፉ የሚያስቆምዎ የለም፤ ነገር ግን የወረዳው ነዋሪ ስላልሆኑ ደብዳቤው ሚዛን አይደፋም። የእርስዎ ድርሻ ልጅዎን ማሳሰብ ይመስለናል። በመምህርትነትዎ ረቂቁን አንብበው አንድ ገጽ እንዲጽፍ ቢያዙት ከእናት ምክር በላይ ይረዳዋል፤ እርሱ ከሌሊት ሥራ ሲወጣ እዚህ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን ለመደዋወሉም ይመቻችኋል።

ስለ ደኅንነቱ ከሆነ ጭንቀትዎ፣ ከረቂቅ ይልቅ ዛሬ በእጁ ያለ ነገር አለ። የሱቁ ባለቤት ከፈለገ ሽጉጥ ይዞ መግባትን መከልከል ይችላል። የሚከለከልባቸው ማስታወቂያዎች በሕጉ ቁጥር ይጠራሉ፤ 30.05 ያለ ፈቃድ ለሚታጠቁ፣ 30.06 ፈቃድ ኖሯቸው ደብቀው ለሚይዙ፣ 30.07 ደግሞ ፈቃድ ኖሯቸው በግልጽ ለሚይዙ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ መሆን፣ ፊደሉም ቢያንስ አንድ ኢንች፣ ማለትም ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ሊኖረው ይገባል፤ «ሽጉጥ ክልክል ነው» ብሎ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይህን መስፈርት አያሟላም። ውሳኔው የባለቤቱ ነው፤ መጠየቅ ግን የሠራተኛውም ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ልጆቻቸውን ለትምህርት የላኩ ወላጆች ይህን ይስሙ፦ «ያለ ፈቃድ» ማለት «ለማንም» ማለት አይደለም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር የጦር መሣሪያ መያዝ በፌዴራሉ ሕግ የተከለከለ ነው፤ የግዛቱ ሕግ የቱንም ያህል ቢላላ ይህን አይሽረውም። እንደ ልጅዎ በዲቪ የገባ ቋሚ ነዋሪ ግን ከዚህ ክልከላ ውጪ ነው።

ጥያቄ፦ የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ። በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት ስለ መሣሪያ የየራሱን ሕግ ያወጣል ሲባል እሰማለሁ። የእኛስ ክልል እንዲሁ ማድረግ ይችላል? ሐሳብ ያለው ሰውስ ለማን ይናገር? (ከሰበታ)

መልስ፦ አይችልም። የጦር መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ ማውጣት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥት ከተሰጡት ሥልጣኖች አንዱ ነው፤ አሁን ያለውም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የወጣ ነው። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲቀርብ በመጀመሪያ ንባብ ቁጥር ተሰጥቶት ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየትና የአስረጂ መድረክ ያዘጋጃል፣ ከዚያ የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ለምክር ቤቱ ይመለሳል። የጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙበት ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። ለመናገር የሚመቸው እዚህም ኮሚቴው ላይ ነው፤ መድረክ መጠራቱን በዜና ሲሰሙ ሐሳብዎን በጽሑፍ ለኮሚቴው ያስገቡ።

ለእንደራሴዎ መናገር ከፈለጉ ግን ሰበታ ለአዲስ አበባ ቅርብ ናት ብለው እንዳይሳሳቱ። አዲስ አበባ በ23 የምርጫ ክልሎች ስትወከል፣ የእርስዎ ተወካይ ግን ከኦሮሚያ 178 መቀመጫዎች በአንዱ የተመረጡት ናቸው፤ ስማቸውንም ለመራጭነት ከተመዘገቡበት የምርጫ ክልል ያገኙታል።