መልስ፦ ላፕቶፕ ሲነቃ ከመቆለፊያው ቀድሞ ስለሚታየው ሰነድ

ውድ ጠያቂ፣ ቱሉ ዲምቱ ባለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤትዎ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ለመቆጠብ የከደኑትን ባለ ሊኑክስ ላፕቶፕ መልሰው ሲከፍቱ፣ የይለፍ ቃል መጠየቂያው ከመምጣቱ በፊት የሌላ ደንበኛ የቤት ኪራይ ውል ለቅጽበት እንደሚታይ ጽፈዋል። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፤ ጠረጴዛው ፊት ተራ ለሚጠብቅ ሰው ስምና የኪራዩን ዋጋ ለማንበብ ያ ቅጽበት ይበቃዋል።

ችግሩ የቅደም ተከተል ነው። በኤክስ 11 (በሊኑክስ ላይ መስኮቶችን በስክሪን በሚያሳየው የቆየ ሥርዓት) ላይ የስክሪን መቆለፊያው ከሌሎቹ መስኮቶች በላይ የሚዘረጋ ተራ ፕሮግራም ስለሆነ፣ ገጹን አዘጋጅቶ ሳይጨርስ ኮምፒውተሩ ሊተኛ ይችላል፤ ሲነቃም ቀድሞ ብቅ የሚለው ከመተኛቱ በፊት የነበረው የመጨረሻ ምስል ነው። የሊኑክስን የውስጥ አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ እንቅልፉን በተለመደው ቅንብር እስከ 5 ሰከንድ ማዘግየት ቢፈቅድም፣ መቆለፊያው ይህን ካልጠየቀ ጥቅም የለውም።

ለጊዜው ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት ራስዎ ይቆልፉ፤ የመቆለፊያው ገጽ መምጣቱንም በዓይንዎ ያረጋግጡ። የእኔ ምርጫ ግን የኤክስ 11 ተተኪ ወደሆነው ዌይላንድ መሸጋገር ነው፤ ኤክስት-ሴሽን-ሎክ የተባለው የመቆለፊያ ፕሮቶኮል (የአሠራር ደንብ) በሚሠራባቸው የዴስክቶፕ ሶፍትዌሮች ላይ፣ የመቆለፊያው ፕሮግራም ድንገት ቢቋረጥ እንኳ ስክሪኑ እንደተቆለፈ ይቆያል።